ቀብዱን ማን ለማን ይሰጣል?

«እትዬ፣ ጥልፍ ይሻለኛል ወይስ ዳንቴል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ከድሬዳዋ ከመጣች ገና ብዙ ያልቆየች ጎረቤቴ። እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ስልኳን አቀበለችኝ። በቴሌግራም የደረሳት ማስታወቂያ ነው፦ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የእጅ ሥራ ሥሪ፤ ጨርቁንና ክሩን እኛ እናቀርባለን፤ ያለቀውን እኛው እንረከብሻለን። ለክሩ ማስያዣ 9,000 ፍራንክ ብቻ። አማርኛው የተጣራ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ጥልፍም ያምራል። ልጅቷ ገንዘቡን ለመላክ ቆርጣለች፤ የቀራት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

እኔ ጥልፍም ዳንቴልም አላልኳት። «9,000 ፍራንኩን የምትሰጪው አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?» አልኳት።

በዚህ ነገር ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። በእጅ ሥራ ገንዘብ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ ሥራውን ከሚፈልገው ወደሚሠራው። ነጠላ የምታስቋጭ ሴት ለእኔ ቀብድ ትሰጣለች። ነጋዴው ለሸማኔው ቀብድ ይሰጣል። ሠራተኛው ለአሠሪው ቀብድ የሚከፍልበት ሥራ ካያችሁ፣ እዚያ የሚሸጠው ክሩ ነው፤ ገዢውም ሠራተኛው ራሱ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አሠራር ብዙም አይለያይም። ማስያዣውን ትልኪያለሽ። ክሩ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ግልጽ ስርቆት ስለሆነ ታለቅሺና ይወጣልሻል። የሚከፋው ክሩ ሲመጣ ነው። እንቅልፍሽን አጥተሽ ትሠሪያለሽ፣ ትልኪያለሽ፣ «ጥራቱን አላሟላም» የሚል መልስ ይመጣል። ጥራቱን የሚመዝነው ማነው? እነሱ። በምን ሚዛን? አይነገርሽም። እንደገና ለመሞከር እንደገና ክር መግዛት አለብሽ። ሴትየዋ እጇ ያልሠላ እየመሰላት አፍራ ዝም ትላለች፤ እነሱም በእሷ ዝምታ ሌላዋን ያጠምዳሉ። ይህን ተንኮል ስልክ አልወለደውም፤ አሜሪካ ውስጥ በጋዜጣ ማስታወቂያና በፖስታ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ የሀገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅበት ቆይቷል። «ሦስት ጓደኛ ካመጣሽ ማስያዣሽ ይመለስልሻል» የሚል ሲጨመርበት ደግሞ የእጅ ሥራው ለወጉ ያህል ብቻ ይቀራል። ሰው እያመጡ የሚከፈሉበትን የፒራሚድ ሽያጭ የኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከልክሎታል።

ልጅቷ ብልህ ናት፤ በዋዛ አልለቀቀችኝም። «እቁብስ? እቁብም እኮ መጀመሪያ ክፈሉ ነው የሚለው» አለችኝ። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰውም ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ይዞ አይሄድም። ደግሞ እቁብ ትርፍ አስገኝልሻለሁ ብሎ አይምልም። አሥራ ሁለት ሰው በወር 5,000 ፍራንክ ቢጥል ዕጣው 60,000 ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ አንቺም የጣልሽው 60,000 ነው። የጣልሽውን ታወጫለሽ፣ አለቀ።

በቀብድ ጉዳይ ሁሌ የምንጨቃጨቅ አንዲት የሙያ ጓደኛ አለችኝ። ባልባላ ነው የምትኖረው፤ ጥልፏን ያየ ሰው ሌላ ጋ አይሄድም። «ዘመድ ዘመዱን ቀብድ አይጠይቅም፤ በሰው ሀገር ያለን ሁላችን ዘመድ ነን» ትላለች። መጀመሪያ ትሠራለች፣ ሥራው አምሮ ሲታይ ትቀበላለች። አንድ ጊዜ ለሚዜዎች የታዘዘ ልብስ በራሷ ክርና በራሷ ጨርቅ ሠርታ ልትጨርስ ስትል ሠርጉ ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ የሚዜዎቹም ልብስ እዚያው ተገዛ ተባለ። ቀለሙን የመረጠችው ሙሽራዋ ነበረች፤ እንዲያ ያለ ብርቱካንማ ሌላ ማን ይወስደዋል? ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ቤተሰብ ወስኖባት ነው» ትላለች። ልክ ናት፤ በዚያ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀብድ የሚያስፈልገው እኮ ለዚህ ነው፤ ደግ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ክሩ ማን ላይ እንደሚቀር ከወዲሁ እንዲታወቅ።

ነውር ነው ለሚለኝ ሕግ እጠቅሳለሁ። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ በሀገራቸውም እ.ኤ.አ. ከ1804ቱ ሕግ ጀምሮ ቁጥር 1590 ስለ ሽያጭ ቀብድ ይህንኑ ይላል። ልብ በሉ፣ ቀብድ እኔንም ያስረኛል። ተቀብዬ ለጥምቀት ካላደረስኩ እጥፉን እመልሳለሁ፤ ለደንበኞቼም ይህን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ያ የቴሌግራም ሰውዬ ሥራውን ቢተው እጥፍ ይመልሳል?

ለጎረቤቴ የሰጠኋት ምክር ሁለቱንም ትተሽ መቋጨት ተማሪ የሚል ነው። ሰው ይንቀዋል። የታወቀ ጠላፊ አለ፤ የታወቀ ቋጭ ግን የለም። ሸማኔው ነጠላውን ቆርጦ ሲያወርደው በሁለቱም ጫፍ የድሩ ክሮች ተበትነው ይቀራሉ። እነሱን እኩል እኩል መድቦ፣ ሁለቱን ምድብ ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ አክርሮ፣ ከዚያ አንድ ላይ አጋጥሞ መልቀቅ ነው፤ መክረራቸው ራሱ ወደ ተቃራኒው እየተመለሰ እርስ በርስ ይጠመጥማቸዋል። ነገሩ ሁሉ ያለው ማክረሩ ላይ ነው። ከላላ ገና በመጀመሪያው እጥበት ይፈታል። ከበዛ ጫፉ እየተኮማተረ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ነጠላው ትከሻ ላይ ሲጣል ዘርፉ አይወርድም። ጣት በውኃ ትንሽ ይርጠብ፤ ከረጠበ በኋላ የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የክሩን ልክ ራሳቸው ያውቁታል፣ በቃል አይነገርም። በደንብ የተቋጨ ነጠላ ስታራግፉት ዘርፉ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ዝርግፍ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ዐይኔ ከፊቴ ባለችው ሴት ዘርፍ ላይ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጅቡቲ ለዚህ ሥራ አትመችም። በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ነፋስ ሲነፍስ አቧራው ነጩን ድር ያጠቁረዋል፤ ላብ ደግሞ ቢጫ ነጥብ ጥሎበት ይሄዳል። ቬንትሌተር ከፍተሽ እንዳትሠሪ ክሩን ይበትነዋል። ኤሲ ካልሽ፣ መብራቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያም ይመጣል፤ ሒሳቡ ግን የጅቡቲ ነው። ስለዚህ የምሠራው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጀንበር ከፍ ካለች ነጭ ነገር አልነካም።

ገንዘቡስ? ሀብታም አያደርግም፤ የቤት ኪራይም አይሸፍንም። ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ እንደቆመ ነው፤ ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወርዷል። በዚህ ሒሳብ ሽሮ ሜዳ ተቋጭቶ የሚመጣ ነጠላ ከእኔ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ እኔም አልወዳደረውም። እኔ ጋ የሚመጣው ጫፉ የተፈታ፣ ከሥሩ የተበጠሰ፣ ወይም ለሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው የታወሰ ነው። እዚህ ያለ እጅ ብቻ የሚደርስለትን ሥራ ያዢ አልኳት፤ በርካሽ ከሚሠራ ሰው ጋር በርካሽነት አትፎካከሪ። ከቻይና የሚመጣው ጥለት የታተመበት ጨርቅ ደግሞ ለእኔ ወሬም አይደለም፤ የሚቋጭ ድር የለውም።

እናቴ ጉለሌ ውስጥ ከሸማኔዎች ነጠላ እየተቀበለች ትቋጭ ነበር። ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። የስንት ቀን ድካማቸውን አጥፈው ለእናቴ ይሰጧታል፤ ደረሰኝ የለ፣ ማስያዣ የለ። ብታጠፋባቸው ወይም እሳት ቢነካው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። እሷም ትንሽ ልጅ ነጠላው አጠገብ እንዲደርስ አትፈቅድም ነበር፤ እኛ ወጥ የምንበላው ሌላኛው ክፍል ነው። ያኔ የገባኝ ነገር የለም፤ ሥራችንን ብቻ ነበር የማየው።

ጅቡቲ የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነው። ደመወዜ እጄ ሳይገባ ደላላው የሚቆርጠው አለ፤ ሰሃን ተሰበረ ተብሎ የሚቀነስም አለ። የራሴን ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት እሑድ አንዲት እናት ዘርፉን በጣታቸው እያዩ «ይህን ማን ቋጨልሽ ልጄ?» አሉኝ። እኔው ነኝ አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ነጠላ በፌስታል ይዘው መጡ፤ ከላዩ ላይ አንድ የ1,000 ፍራንክ ኖት አድርገውበታል። «ቀብድ ነው፣ ያዥው» አሉኝ። ገና ሥራዬን አላዩም፤ ቤቴንም አያውቁም። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ሀገር እጄ የገባ ገንዘብ ሁሉ ሌላ ሰው ቆጥሮ ቀንሶ የሰጠኝ ነበር። ቀብድ አልቀበልም ከምትለው ጓደኛዬ ጋር ያልተስማማሁት ለዚህ ይመስለኛል። እሷ ቀብድ መጠየቅ አለማመን ነው ትላለች። እኔ መጀመሪያ ያመነኝን ሰው ያወቅሁት በቀብድ ነው።

ጎረቤቴ 9,000ዋን አልላከችም። አሁን በአሮጌ ነጠላዬ ላይ እየተለማመደች ነው፤ ማክረሩ ገና ይላላባታል፣ ይደርሳል። ለጥምቀት የምታስቋጩ ሁሉ ከገና በፊት አምጡ፤ ከእኔ ጋር እሷም ትሠራለች። ግማሹን ቀብድ ይዛችሁ ኑ፤ የዘመድ ቅናሽ የሚነሳው ከቀሪው ላይ ነው።