ድንጋዩ ተለካ፣ ብርሃኑስ?

በኮምፒዩተር የተሠሩ የቤተ ጊዮርጊስ ምስሎችን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቅርጹ እንኳ ልክ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቷቸዋል። ሌዘር ግን የሚለካው ድንጋዩን ነው፤ ምስሉ በምን ብርሃን እንደሚታይ የሚወስነው ሠሪው ነው። ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው። የታችኛው ረድፍ 9 መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ ለዓይን እንጂ ለብርሃን አልተቀረጹም። ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ 12 መስኮቶችና በበሮቹ ነው። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ከፀሐይ አይመጣም፤ ቀላ ያለውን የጉድጓዱን ግድግዳ ነክቶ፣ ቀልቶና ደክሞ ይደርሳል። ከደጅ የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ቆም ይላል።

ከግድግዳ ግድግዳ የሚነጥረውን ብርሃን በኮምፒዩተር የማስላት ዘዴ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 አቅርበዋል። ስለዚህ «አይቻልም» ሰበብ አይሆንም። ሠሪው ጨለማ ይፈራል መሰለኝ፤ ተመልካች «ምንም አይታየኝም» እንዳይለው ከማይታይ አምፖል ነጭ ብርሃን ይረጫል። ጣሪያው፣ ቅስቱ፣ መጋረጃው፣ ሁሉም እኩል ይፈካል፤ መቅደሱ የፒያሳ ወርቅ ቤት ይመስላል! እኔ ብሆን ያን አምፖል አጥፍቼ ማዕዘኖቹን እንደጨለሙ እተዋቸው ነበር።