የካፋ ከበባና የጥቁር ሞት መንገድ
በጋብሪኤሌ ደ ሙሲ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ አውሮጳን ስለ ፈጀው ቸነፈር በሚናገሩ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ታሪክ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የታታር ሠራዊት በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን የካፋን ከተማ ከቦ ሳለ ቸነፈር ገባበት፤ ሠራዊቱም የሞቱበትን ሰዎች ሬሳ በድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ እየጫነ ወደ ከተማይቱ ወረወረ፤ ከዚያ ያመለጡ መርከበኞችም በሽታውን ይዘው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ ይባላል። ታሪኩ አጭር ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል፤ ጥፋተኛውም በግልጥ ይታወቃል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ምንጩን የመረመረው ሰው ጥቂት ነው። ምንጩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጋብሪኤሌ ደ ሙሲ የተባለ የፒያቼንሳ ከተማ ውል ጸሐፊ ስለ በሽታው በላቲን ቋንቋ የጻፈው ታሪክ ነው። (ካፋ በክሪምያ ያለች ወደብ ናት፤ ከኢትዮጵያው ከፋ ጋራ ከስም መመሳሰል በቀር ግንኙነት የላትም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ብቻ ሲኖር ቆይቶ በ1842 በብሬስላው ከተማ የሕክምና መምህር የነበረው ሄንሸል አሳተመው። አሳታሚው የትረካውን ሕያውነት አይቶ፥ ደራሲው በካፋ የነበረና ከሸሹት ጋራ የተመለሰ የዓይን ምስክር ነው ብሎ ገመተ። ግምቱም ውሎ አድሮ እንደ እርግጠኛ ነገር ተያዘ። በ1884 ግን ቶኖኒ የተባለ ኢጣልያዊ ተመራማሪ የፒያቼንሳን የውል መዛግብት ቢመረምር፥ ካፋ በተከበበችበት ጊዜ ደ ሙሲ በከተማው ተቀምጦ ውል ሲጽፍ መኖሩን አገኘ። እንግዲህ ስለ ካፋ የጻፈው ሁሉ ከሌላ ሰው አፍ የሰማው ነው።

ይህ ብቻውን ጽሑፉን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የሰሙትን በትክክል የጻፉ ብዙዎች ናቸውና። የሚያስፈልገው ጽሑፉን ከውስጡ መመርመር ነው። ደ ሙሲ ሥራውን የሚጀምረው እግዚአብሔር ስለ ሰው ልጅ ኃጢአት ከምድር ጋራ ሲነጋገርና ፍርድ ሲሰጥ በማሳየት ነው። የካፋ ታሪክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፥ አነጋገሩም የዚያው የመቅሠፍት ስብከት ተከታይ ነው። ሬሳው እንደ ተራራ ይከመራል፤ ከብዙ ሺህ አንድ ሰው እንኳ የሚያመልጥ አይመስልም። ዝርዝሩ ጥቂት፥ ቁጥሩ ግን በሺህ ነው።

ደራሲው ወደ ገዛ አገሩ ሲመለስ ግን አነጋገሩ ይለወጣል። ከጄኖቫ ሸሽተው ወደ ቦቢዮ የመጡ ሰዎች የያዙትን የንግድ ዕቃ እንደ ሸጡ፥ የገዛቸውና ያሳደራቸውም ከነቤተ ሰቡና ከጎረቤቶቹ ጋራ እንደ ሞተ፥ ከእነርሱም አንዱ ኑዛዜ ሊያደርግ ቢያስጠራ ኑዛዜውን የሚጽፈው ጸሐፊ፥ ያናዘዘው ቄስና የተጠሩት ምስክሮች አብረውት እንደ ሞቱ ይናገራል። ሻጭና ገዢ፥ ዕቃ፥ ኑዛዜና ምስክር፤ ይህ ውል ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ደ ሙሲ በሰማው ቦታ የጠላትን ጦር ከሰሰ፤ ባወቀው ቦታ ግን የነጋዴውን ጓዝ አሳየ። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳሉ፥ አንባቢዎቹ ለብዙ ዘመን የመጀመሪያውን ብቻ መርጠዋል።

ያንንም ቢሆን የጊዜ ስሌት አይደግፈውም። የወርቃማው ጭፍራ ገዢ ጃኒቤክ ከኢጣልያውያን ጋራ የተጣላው በ1343 በታና ገበያ አንድ የቬኒስ ሰው የአገሩን ተወላጅ ስለ ገደለ ነው። ከዚህ በኋላ ኢጣልያውያን ከታና ተባረሩ፤ ካፋም ተከበበች፤ ጄኖቫና ቬኒስም በ1344 ከጃኒቤክ አገር ጋራ እንዳይነገድ ተስማሙ። በሽታው በከበባው ጦር መካከል የገባው በ1346 ነው። ከካፋ እስከ ቁስጥንጥንያ ያለው የባሕር መንገድ የሳምንታት እንጂ የዓመት አይደለም። ሆኖም ቸነፈሩ በቁስጥንጥንያ የታየው በ1347 ነው፤ በመሲናና በእስክንድርያም የታየው በዚያው ዓመት በመፀው ወራት ነው። የተወረወረው ሬሳና የሸሹት መርከበኞች ምክንያት ከሆኑ፥ ይህ የአንድ ዓመት ያህል መዘግየት ምን ይባላል?

ለዚህ ጥያቄ ሐና ባርከር የተባለችው የታሪክ ተመራማሪ በ2021 ባሳተመችው ጥናት አጥጋቢ መልስ ሰጥታለች። በእነዚያ ዓመታት ኢጣልያ እህል አጥታ ተርባ ነበር፤ የጥቁር ባሕር አገሮች እህልም በጦርነቱና በእገዳው ምክንያት እንደ ልብ አይወጣም ነበር። በ1347 ሰላም ሲወርድ መርከቦች እህሉን ጭነው ወጡ፤ ከእህሉም ጋራ አይጥና ቁንጫ አብሮ ተጫነ። የበሽታውን ረቂቅ ተሐዋሲ ዬርሳን በ1894 በሆንግ ኮንግ፥ የቁንጫን አስተላላፊነት ደግሞ ሲሞን በ1898 በሕንድ አገር ካስታወቁ ወዲህ፥ በእህል ጭነት ውስጥ ያለው አደጋ ግልጥ ነው። ስለዚህ ጠቡና እገዳው በሽታውን አቆይተውት፥ ሰላሙና ንግዱ አሻገሩት ማለት ነው። በ2002 የሬሳው መወርወር ሊሆን የሚችል ነገር ነው ብሎ የተከራከረው ዊሊስ እንኳ፥ ቸነፈሩ ወደ አውሮጳ ለመግባቱ ያ ድርጊት ወሳኝ አልነበረም ብሏል።

የንግዱ መንገድ ከካፋም ወደ ምሥራቅ ይርቃል። በዛሬዋ ኪርጊዝስታን በኢሲክ ኩል ሐይቅ አቅራቢያ በሁለት የክርስቲያኖች መካነ መቃብር ላይ ዓመታቸው በትክክል የታወቀ 467 የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ 118ቱ በ1338 እና በ1339 የሞቱ ሰዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የሞቱ ምክንያት በሱርስት ቋንቋ «ማውታና» ተብሎ ተጽፏል፤ የግዕዝ ተማሪ ቃሉ ከ«ሞተ» ጋራ ያለውን ዝምድና ወዲያው ያያል። በ2022 የታተመ ጥናት ከእነዚህ ሙታን ጥርስ ውስጥ የቸነፈሩን ተሐዋሲ ዲኤንኤ አግኝቷል። ከመቃብሮቹም ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ሉልና ከሜድትራኒያን የመጣ ዛጎል መሰል መርጃን ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች በሩቅ ንግድ የኖሩ ነበሩ።

ከካፋው ታሪክ ጋራ አብሮ የሚሄድ ሌላም ስሕተት አለ። አንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት ቸነፈሩንና የቁስጥንጥንያን በ1453 መያዝ አያይዘው፥ አውሮጳውያን ወደ ውቅያኖስ የወጡት ከዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። ዳሩ ግን የጄኖቫ ተወላጆች የሆኑት የቪቫልዲ ወንድማማቾች በውቅያኖስ ዞረው ወደ ሕንድ ለመድረስ የተነሡት በ1291 ነው፤ አልተመለሱም። የካናርያ ደሴቶችም በ1339 በተሣለ ካርታ ላይ ይታያሉ። የባሕር ፍለጋ ከቸነፈሩ ይቀድማል። ቸነፈሩ የለወጠው የሰውን ጉልበት ዋጋ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1349 እና በ1351 የሠራተኛ ደመወዝ ከቀድሞው እንዳይበልጥ በሕግ አገደ፤ ፊሬንሴም በ1363 ክርስቲያን ያልሆኑ ባሮች እንዲገቡ ፈቀደች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቁር ባሕር ወደቦች የሚመጡ ነበሩ። ካፋ በ1475 በቱርኮች እጅ ከመግባቷ አስቀድሞ፥ በ1444 በፖርቱጋል በላጎስ ከተማ ከአፍሪቃ ጠረፍ የተያዙ 235 ሰዎች ለክፍፍል ቀርበው ነበር። የፍለጋውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከቅመማ ቅመሙ ይልቅ ይህን የሰው ንግድ አብልጦ ሊመረምረው ይገባል።

ምርመራው የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለበሽታ የሰው ጠላት መፈለግ በዚያው ዘመን ብዙ ደም አፍስሷል። አይሁድ የውሃ ጕድጓድ መርዘዋል ተብለው በየካቲት 1349 በስትራስቡርግ በእሳት ተቃጠሉ፤ ቸነፈሩ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ከተማይቱ ገና አልገባም ነበር። ጳጳሱ ክሌመንጦስ 6ኛ በሽታው አይሁድንም እንደሚገድል፥ አይሁድ በሌሉበት አገርም እንደሚገባ አስረድቶ ክሱን በ1348 ተቃውሞት ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። የካፋው ታሪክም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁሉም በጉጉት የጠበቀው እህል ሞትን ይዞ መጣ ከማለት፥ ጠላት ወረወረው ማለት ይቀላል።

እንዲህም ሆኖ የደ ሙሲ ጽሑፍ የሚጣል አይደለም። ስለ ፒያቼንሳና ስለ ቦቢዮ የተናገረው ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ስለ ካፋ የተናገረው ደግሞ የዚያ ዘመን ሰዎች መከራቸውን እንዴት እንደ ተረጐሙት ያሳያል። ይህ ለይቶ የማንበብ ዘዴ ለግዕዝ መጻሕፍት ተመራማሪም ይጠቅማል። በገድልና በታሪከ ነገሥት «ብድብድ» የሚለውን ቃል ያገኘ ሁሉ፥ ይህ ያው ጥቁር ሞት ነው ብሎ መቸኰል የለበትም፤ የስብከት አነጋገር ነው ብሎም ማለፍ አይገባውም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጸሐፊው የት እንደ ነበረ፥ ከማን እንደ ሰማ፥ በዚያም ዓመት በአገሩ መንገድ ምን ጭነት ያልፍ እንደ ነበረ ነው።