በእንስሳት ሕክምና መዝገብ ስለሚጻፈው የበሽታ ስምና መለያ ቁጥር

የእንስሳት ሐኪም መዝገብ ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው የአንዱን እንስሳ የሕመም ታሪክ ለነገው ሐኪም ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው በልዩ ልዩ ስፍራ የታዩትን ሕመሞች በአንድነት ለመቁጠር ማስቻል ነው። የፊተኛውን ተግባር በጥንቃቄ የተጻፈ ማናቸውም ቃል ይፈጽመዋል። የኋለኛው ግን ሁሉም የሚስማማበት ስምና መለያ ቁጥር፣ በተለመደው አነጋገር ኮድ፣ ከሌለ አይፈጸምም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ኮድ የሚሰጠውን ጥቅምና የሚጎድለውን ነገር ነው።

ነገሩ በአገራችን ስሞች ሲታይ ይገለጻል። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገብቶ የእርሻውን በሬ ስለ ፈጀ ለክፉ ቀን ረኃብ ዋና ምክንያት ሆኗል። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። በግና ፍየል የሚገድለው «ደስታ መሰል» በሽታ ግን ከሌላ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን እስካሁን አልጠፋም። እንግዲህ አንድ ሐኪም ለማሳጠር ሲል «ደስታ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ከሩቅ ሆኖ መዝገቡን የሚቆጥረው ሰው የትኛውን እንደሚቆጥር በምን ያውቃል? «ሳምባ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ተላላፊውን የከብት ሳምባ በሽታ፣ የፍየሉን፣ ወይም ማናቸውንም የሳምባ ምች ሊያመለክት ይችላል፤ ለአንዱ የተሠራው ክትባት ግን ለሌላው አይሆንም።

ይህን ችግር ለማስወገድ ከተደረጉት ሙከራዎች ቀደም ካሉት አንዱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 በብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት አነሣሽነት የተጀመረው ነው። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች የሕሙማናቸውን መዝገብ በአንድ ዓይነት ኮድ እየጻፉ ወደ አንድ ማከማቻ ይልኩ ጀመር። የአጥንት ካንሰር ከትናንሾቹ ይልቅ በግዙፎቹ ውሾች ላይ እንደሚበዛ በግልጽ የታየው ከብዙ ኮሌጆች በተሰበሰበ እንዲህ ባለ መዝገብ ነው። አንድ ሐኪም ብቻውን ዕድሜውን ሁሉ ቢሠራ ይህን ለመለየት የሚበቃ ሕመምተኛ አያገኝም።

ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶችን ሳናነሣ ለማለፍ አንችልም። አንደኛ፣ ወደ ኮሌጅ የሚመጣው ባለቤቱ ሊያመጣው የቻለው እንስሳ ነው። ስለዚህ ከማከማቻው የሚገኘው ቁጥር የታከሙትን እንጂ በአገሩ ያሉትን እንስሳት ሁሉ አይወክልም። ኮዱ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን ይህን አያርመውም። ሁለተኛ፣ ኮድ ጥርጣሬን ይደብቃል። ሐኪሙ «ምናልባት» ብሎ የጀመረው ሐሳብ ቁጥር ሲሆን እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቆጠራል። በብሪታንያ የሚሠራበት ቬኖም የተባለው የኮድ ዝርዝር እንስሳው ይዞት የመጣውን ምልክት ከበሽታው ስም ለይቶ ማስቀመጡ ለዚህ ጉድለት መልካም መድኃኒት ይመስለናል። እጅግ ሰፊ የሆነው ስኖሜድ ደግሞ ዝርዝሩ በመቶ ሺሕ ስለሚቆጠር ለተመራማሪው ቢበጅም፣ ሁለት ሐኪሞች ለአንድ ሕመም ሁለት ኮድ እንዲመርጡ በር ይከፍታል።

የከብት ደስታ የጠፋበት መንገድም ይህንኑ ያስተምረናል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክትትሉ የበሽታው ስም እስኪጻፍ አልጠበቀም፤ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ በአንድነት የታየበት ከብት ሁሉ እየተመዘገበ በላቦራቶሪ ይመረመር ነበር። በሽታው አለመኖሩን ለማስረዳት የተቻለው ምልክቱ በአንድ ዓይነት ደንብ ስለተጻፈና ምርመራውም «አይደለም» የሚል መልስ ስለሰጠ ነው። የበግና የፍየሉን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የዓለም እቅድ ወጥቷል፤ እርሱም ይህንኑ ማስረጃ ይጠይቃል።

ስለዚህ ኮድ የሐኪሙን እጅ ያስራል የሚሉትን አንደግፍም፤ ኮድ ካለ ሌላ ጽሕፈት አያስፈልግም የሚሉትንም እንደዚሁ። በእኛ አስተያየት በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ አራት ነገር ሊጻፍ ይገባል፤ ይኸውም ባለ ከብቱ በራሱ ቃል የተናገረው፣ ሐኪሙ በዓይኑ ያየው ምልክት፣ የበሽታው ኮድ፣ በመጨረሻም ይህ ኮድ በጥርጣሬ ወይም በምርመራ የተሰጠ መሆኑ። ይህ አራተኛው በጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን እርሱ ሲጎድል ለአንድ ወረዳ የማይሆን ክትባት ይላካል፤ የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው መዝገቡን የጻፈው ሰው ሳይሆን ፍየሎቹ የሞቱበት አርቢ ነው።