ሰው የሌለበት ጎዳና፤ ስለ ከተማ ፎቶግራፍ የቀረበ ትችት

የከተማን መልክ በፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ ይመስላል። ቤት አይንቀሳቀስም፤ ግንብ ፊቱን አያዞርም፤ ጎዳናም «አታንሡኝ» ብሎ አይቆጣም። ይሁን እንጂ ከተማ የሰው እጅ ሥራ ስለ ሆነ፣ የከተማን ሥዕል የሚመረምር ሰው ስለ ግንቡ ብቻ ሳይሆን ግንቡን ስለ ሠራው፣ ስለ ኖረበትና ስላፈረሰውም ሰው መጠየቅ ይገባዋል። ይህን አሳባችንን በፓሪሱ ፎቶግራፍ አንሺ በሻርል ማርቪል (1813–1879) ሥራ ላይ ለመፈተን እንሞክራለን። ስለ ፓሪስ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በናፖሊዮን 3ኛ ዘመን፣ ከ1853 እስከ 1870 የሴን አውራጃ ገዥ የነበረው ባሮን ኦስማን የፓሪስን ጠባብ መንገዶች አፍርሶ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አወጣ። ማርቪል በ1862 የፓሪስ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ ተብሎ ተሾመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን አሮጌ መንገዶች እንዲያነሣ ታዘዘ፤ ከዚህም ሥራ 425 ያህል ሥዕሎች ተገኙ። እንግዲህ አፍራሹም መዝጋቢውም ዋጋቸውን የተቀበሉት ከአንድ ካዝና ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ የሚያስመሰግነውን እንናገር። ማርቪል ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ስለሚተክለው፣ በመንገዱ መካከል የሚወርደው የፍሳሽ ቦይና እርጥቡ የድንጋይ ንጣፍ አጠገባችን ያለ ይመስላል። በግድግዳው ላይ ያለው የሱቅ ጽሕፈት ስለሚነበብ፣ በዚያ ሰፈር ምን ይሸጥና ምን ይሠራ እንደ ነበረ ለማወቅ ይቻላል። ከሁሉም በላይ፣ መንገዱ የትኛው እንደ ሆነና ከየት በኩል እንደ ተነሣ በሥዕሉ አርእስት ይገለጻል። ስለዚህ መንገዱ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈም በኋላ፣ ተመራማሪ ካርታ ዘርግቶ ማርቪል የቆመበትን ስፍራ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። የሥዕልን ውበት ብቻ የሚያደንቁ ሰዎች ይህን እንደ ተራ ነገር ያልፉታል፤ እኛ ግን የሥራው ግማሽ ዋጋ በዚህ ላይ ነው እንላለን።

ጉድለቱ ምንድን ነው? በአብዛኞቹ ሥዕሎች ሰው የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ በተቀባ መስተዋት ላይ ሲሆን፣ መስተዋቱ ሳይደርቅ ተነሥቶ ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። ብርሃን ለመቀበልም ሴኮንዶች ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው አልፎ አልፎ ይታያል፤ የሚራመደው ግን ወይ እንደ ጭጋግ ይሆናል፣ ወይ ጨርሶ አይታይም። ጥፋቱ የመሣሪያው እንጂ የሰውዬው አይደለም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሥዕል ከሠሪው አሳብ ውጭም ይመሰክራል። ሰፈሩ ጨለማ፣ እርጥብና ባዶ ሆኖ ስለ ታየ፣ ተመልካቹ «ለካ ማንም አልኖረበትም» ብሎ እንዲፈርድ ይገፋፋዋል። ደግሞም በ1878 በፓሪስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ትርኢት የአሮጌው መንገድና የአዲሱ ጎዳና ሥዕሎች ጎን ለጎን ቀርበው ነበር። እንዲህ ባለው አቀራረብ ፍርዱ ምርመራውን ይቀድመዋል።

ማርቪል ለአሮጌው ከተማ ያዝን ነበር የሚሉ አሉ፤ የአፍራሾች አገልጋይ ነበር የሚሉም አሉ። የልቡን ለመፍረድ አንደፍርም። ይሁን እንጂ በ1877 ግድም በከተማው ዳርቻ፣ በ20ኛው ወረዳ፣ ከሻምፕላን መንገድ አናት ላይ ያነሣው አንድ ሥዕል አለ። በዚያ ሥዕል ከቁልቁለቱ በታች የተጠጋጉ ደሳሳ ቤቶች፣ ከላይ ደግሞ አንድ ሰው አረፍ ብሎ ይታያል። አዲሱን ኪራይ ያልቻለው ድሃ ወደ ዳርቻ እንደ ተገፋ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ሥዕል ባዶዎቹ ጎዳናዎች ላስነሡት ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን የምናስበልጠው ስለዚህ ነው።

ሌላውን ከተቸን ራሳችንን መሸሸግ አይገባንም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥተናል። የእኛ መሣሪያ በዓይን ቅጽበት የሚሮጥ ሰው ያስቀራል፤ ታዲያ ምን አነሣን? የተሰበረ ደረጃ፣ የእንጨት ሰገነት፣ የተላጠ ቀለም። ነዋሪው ዕቃውን ሲጭን «ሥዕሉን ያበላሽብናል» ብለን ገለል እስኪል ጠበቅን። ማርቪልን መሣሪያው የከለከለውን እኛ በገዛ ፈቃዳችን ተውነው። ይባስ ብሎም ሥዕሎቹን በቴሌግራም ስንቀባበል ስልኩ የመዘገበው ቀንና ቦታ ተገፎ ቀረ፤ ዛሬ አንዳንዶቹን ስናያቸው ግድግዳው የማን ቤት እንደ ነበረ እኛ ያነሣነው እንኳ አንስማማም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የከተማ ሥዕል የሚያነሣ ተማሪ የሰፈሩን ስም፣ ቀኑንና የቆመበትን አቅጣጫ ወዲያው ይጻፍ። ቤቱ ለምን አገልግሎት ይውል እንደ ነበረ ነዋሪውን ይጠይቅ፤ ነዋሪው ከፈቀደም ከደጁ ጋር ያንሣው፤ ወዴት እንደሚሄድም ይመዝግብ። ይህ መፍረሱን ይደግፋል ወይም ይቃወማል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ሊክዱት የማይችሉት ማስረጃ ይሆናል እንጂ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ፒያሳን የሚያዩት እኛ ባነሣነው ልክ ነውና፣ ባዶ ጎዳና ብናወርሳቸው ማንም አልኖረበትም ብለው ቢያምኑ ልንወቅሳቸው አንችልም።