ታሪኩን ሸፍናችሁ ስሙ

ሐርጌሳ ሼክ ኑር ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ፣ በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋ በለመዱት አማርኛ፣ አንድ ማታ የወተት ሻይ እየቀዱልኝ «ልጄ፣ ሁለቱንም ትወዳለህ። አንዱን ብቻ ያዝ ብትባልስ?» አሉኝ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» ነው፤ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የሶማልኛ ዘፈኖች ስብስብ፣ ለግራሚ ሽልማት የታጨ። ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፣ በ2006 የወጣው «ኢትዮፒክስ 21»። አንዱ ቤዝ ጊታርና ኦርጋን የሞላበት የጭፈራ ሙዚቃ ነው፣ ሌላው የአንዲት መነኩሲት ዐሥር ጣት።

ለመፍረድ የሚያስቸግረው የሙዚቃው ዓይነት መለያየቱ አይደለም። ሁለቱም ልብ የሚነካ ታሪክ ይዘው መምጣታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የዘፈን ካሴቶችን አፈር ውስጥ ቀብረው አተረፏቸው፤ ዛሬ በከተማዋ የሚገኘው የሬድ ሲ የባህል ተቋም ከ10,000 በላይ ካሴት ይጠብቃል፣ አልበሙም በአብዛኛው የተለቀመው ከዚያ ነው። እማሆይ ደግሞ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላ መንኩሰው፣ ጀርመን ያስቀረጹትን የመጀመሪያ ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች ሰጡ፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ሁለቱም ታሪክ ያስለቅሳል። ግን ከአፈር መውጣት መጥፎን ዘፈን ጥሩ አያደርገውም፣ ምንኩስናም የተሰናከለ ጣት አያቃናም። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን ሸፍኑት፤ በኋላ ትገልጡታላችሁ።

የካሴቱ ሹክሹክታም እንዳያታልላችሁ። እሱ የመገልበጥ ብዛት ያመጣው ነው፣ ጥበብም ጥፋትም አይደለም። ሶማልኛ ለማታውቁ አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መድረሻ ነው፤ ሶማሌ ገጣሚ ግን ግጥሙን የሚያያይዘው በቃል መነሻ ነው፣ አንዱን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንኝ ይዞ ይሄዳል። ቃሉ ባይገባችሁም ያንን ድምፅ ተከተሉት። በጥሩ ዘፈን ዘፋኟ ድምፁን ሳትረግጠው ታልፋለች፣ ቤዙም ቦታ ይለቅላታል፤ በደካማው ግን መዶሻ ይሆናል። «የኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይመስላል» ብሎ ማቆምም ፍርድ አይደለም፤ ዝምድናን ማወቅና ሥራን መመዘን ለየቅል ናቸው።

ፒያኖው የሚፈተነው በሌላ መንገድ ነው። እግራችሁን መሬት ላይ እየመታችሁ ስሙት። ግራ እጃቸው እንደ ቫልስ ሦስት ሦስት ይቆጥራል፣ ቀኝ እጃቸው ግን ይዘገያል፣ ወይም ይቀድማል፣ አንዳንዴም ቆሞ ይጠብቃል። እግራችሁ ይስታል፣ ዜማው ግን አይወድቅም። የእማሆይን ሥራ ለመጫወት የሚሞክሩ ብዙዎች የእሳቸውን የጣት መርገፍገፍ ይቀዳሉ፤ መዘግየቱን የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም መዘግየቱ ጌጥ ሳይሆን ሐሳብ ነው። አንድ ድምፅ ሳይሞት ሌላውን አለመጥራት። ፒያኖ አንዴ ከተመታ በኋላ የማይራዘም መሣሪያ ነው፤ እሳቸው የሚጫወቱት በዚያ መክሰም ላይ ነው። እኔ እስከ ዛሬ በዚህ አልበም ውስጥ ለመሙያ የገባ ድምፅ አላገኘሁም፣ ፈልጌም ነበር።

ከሶማልኛው ስብስብ ሁለት ሦስት ዘፈን ቢወጣ፣ አልበሙ ቀለል ይላል እንጂ አይጎድልም። ብዙ እጅ ያለበት ነገር ነውና አያስወቅስም። ከፒያኖው ግን አንዱን ብነቅል ቀሪው ይንገዳገዳል። ስለዚህ ፒያኖውን እወስዳለሁ፣ ለሽማግሌውም ይህንኑ ነገርኳቸው።

እሳቸው የመረጡት ካሴቱን ነው። ስለ ጦርነቱ ያነሱልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላነሱም። ተነሥተው አንዱን ዘፈን ከፈቱና፣ ዘፋኟ ከኦርጋኑ ግማሽ ምት ዘግይታ የምትገባበት ቦታ ላይ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። «እዚህ ጋ» አሉኝ። ልክ ነበሩ።