ለአደይ ቦታ መተው

ከውጭ የሚመጡ የውሃ ቀለም መማሪያ መጻሕፍት የመጸውን ሥዕል ሲያስተምሩ የሚያስገዙት ቀለም ተመሳሳይ ነው፤ ዝገት የመሰለ ቡኒ፣ የጡብ ቀይ፣ ብርቱካንማ። የሚሣለውም ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ነው። በአዲስ አበባ፣ በገርጂ ወይም በአያት በኩል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ የዘረጋ ሠዓሊ ግን በመስከረም መጨረሻ በርንት ሲየና የተባለውን ቡኒ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባሕር ዛፉ እንደለመለመ ነው። የተለወጠው ከእግር በታች ያለው ነው፦ የቦዩ ዳር፣ የአጥሩ ሥር፣ ገና ያልተገነባበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ለብሷል።

በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምባቸው። አውሮፓ ቅጠሉን ሲጥል እዚህ አበባ ይፈነዳል። በሳይንስ ስሟ ቢደንስ ማክሮፕቴራ የምትባለው አደይ የክረምቱን ውሃ ጠጥታ ቀድማ ትወጣለች፤ ኑጉ ይከተላል፤ ጤፉ ደግሞ ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ ቀስ እያለ ይዞራል። በዚህ ወቅት ከምሥራቅ በኩል ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን መስኮት ሥር የተቀመጠ መንገደኛ፣ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ከመምጣቱ በፊት፣ ይህንኑ ቀለም ቁልቁል ያየዋል።

ችግሩ ታዲያ ይህ ቢጫ ነው።

በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ሜዳውን አረንጓዴ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ አደይዋን በላዩ ጠብ ጠብ ማድረግ ይችላል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ» ብለው የሰየሙትን ታዋቂ ሥራቸውን በዘይት ሲሠሩ ይህ ነፃነት ነበራቸው። የውሃ ቀለም ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። አረንጓዴ ላይ ያረፈ ቢጫ ራሱም አረንጓዴ ሆኖ ይጠፋል። ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ንጣት ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ አደይ በመጨረሻ የምትጨመር ጌጥ አይደለችም፤ ሰማዩም ተራራውም ሳይነካ ቦታዋ ይያዝላታል።

ቦታ የመያዣው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚላጥ ፈሳሽ በአበቦቹ ቦታ ላይ ነጥቦ፣ ዙሪያውን ቀብቶ፣ በኋላ ፈሳሹን ማንሳት ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የአበቦቹ ዳር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሁለተኛው ሜዳውን በሙሉ አስቀድሞ በንጹሕ ቢጫ ማጠብና ሲደርቅ አረንጓዴውን በአበቦቹ መካከል እየሾለኩ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ሠዓሊው አበባ አይሥልም፤ አበባ ያልሆነውን ይሥላል። ያልተነካው ሁሉ አደይ ሆኖ ይቀራል። እጅ እስኪለምደው ብዙ ወረቀት ይበላል፤ ከሥር ያለው ቢጫ ግን ሣሩንም የመስከረም ሣር ያደርገዋል።

ገርጂ አካባቢ በአንድ ክፍት ሜዳ ዳር የተቀመጠ ሠዓሊ በዚህ መንገድ እየሠራ ሳለ አንድ ልጅ ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ የአደይ ቅጠሎቿ ስምንት ናቸው እኮ።»

«ከዚህ ሆነህ መቁጠር ትችላለህ?»

ልጁ ሜዳውን ቀና ብሎ አየ። «አይቆጠሩም፤ ግን አሉ።»

ልጁ ትክክል ነበር፤ ሠዓሊውም አልተሳሳተም። በሃምሳ ሜትር ርቀት አደይ ነጠብጣብ ብቻ ናት፤ እግር ሥር ያለችው ግን ቅጠሏም አንገቷም የሚቆጠር ነው። ብዕር የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት አበቦች በቀጭን ጥቁር መስመር ስምንት ቅጠላቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ ከኋላ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ሁሉ ያለ መስመር አበባ ሆኖ ይነበባል። ዓይን ከቅርቡ የተማረውን ለሩቁ ያውሰዋል።

ያ ልጅ ስምንቱን ያወቀው ምናልባት ከራሱ ሥዕል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከውሃ ቀለም ጋር የሚተዋወቀው በጳጉሜን ነው። ሴቶቹ ልጆች «አበባዮሽ» ለማለት ሲሰናዱ ወንዶቹ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ይሥላሉ፤ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ለጎረቤት ሰጥተው ሳንቲም ይቀበላሉ። የታተመ ካርድ ቦታውን እየወሰደ ቢሄድም ልማዱ አልጠፋም። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በእርሳስ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ መስመር፣ ከዚያ ቀለም። መስመሩ አጥር ነው፤ ቢጫው ከውስጥ፣ አረንጓዴው ከውጭ። የደብተሩ ወረቀት ስስ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል። ትልልቆቹ ሠዓሊዎች በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ከጥጥ የተሠራ ወረቀት የሚፈልጉት ይህን መሸብሸብ ለመሸሽ ነው፤ ይህ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ በቦሌ በኩል ይገባል።

መስመርን ማስቀደም ከልጆቹም በፊት የነበረ ልማድ ነው። በብራና መጻሕፍት ሥዕል ውስጥ ጥቁሩ ዳር መስመር አውራ ነው፤ ቀለሙ በመስመሩ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሞላል። አበባ የሚገኘው በገጹ ራስጌ በሚጠላለፈው ሐረግ መካከል ነው፤ ሜዳና ተራራ ለብቻቸው፣ ያለ ቅዱስና ያለ ታሪክ፣ አይሣሉም ነበር። ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ የመጣው ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ግን ተራራውንና ሸለቆውን ለብቻው እየሣለ ሄደ፤ ሥራው በ1852 ለንደን ላይ ታተመ። ዛሬ በቀለምና በብዕር የረር ተራራን የሚሥል ሰው ከሁለቱም ወገን ወርሷል፦ መስመሩን ከብራናው፣ ርቀቱን ከተጓዡ።

አማርኛ ለብዕሩም ለብሩሹም አንድ ቃል አለው። ቀለም በቀለም ቀንድ ውስጥ ያለው መጻፊያም ነው፣ የአበባው ቢጫም ነው። በአሠራርም ዘመዳሞች ናቸው። የብራና ጸሐፊው ጥላሸትና ያረረ እህል ከቅጠላ ቅጠልና ከሙጫ ጋር አዋሕዶ ለወራት አብላልቶ ጥቁሩን ያወጣል። ፋብሪካ የሚሠራው የውሃ ቀለምም ዱቄቱን ከወረቀት ጋር የሚያያይዝለት የግራር ሙጫ ነው፤ ይህን ሙጫ በብዛት የምታቀርበው ሱዳን ስትሆን የኢትዮጵያ ቆላም ያወጣዋል።

ይሁንና ዝምድናው ዋጋ ያስከፍላል። በሙጫ የተያያዘ ጥቁር ደርቆም ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይሟሟል። ሼላክ በተባለ ሌላ ማያያዣ የተሠራው ግን አንዴ ከደረቀ አይነቃነቅም። ሠዓሊው ይህን ሳያጣራ አንድ ማለዳ ሜዳውን ሁሉ በመስመር ሠርቶ ቢጫውን ከላይ ሲያፈስ ጥቁሩ ሟሟ፤ አደይዋ ከነቅጠሏ ተጥለቀለቀች። ጥቁርና ቢጫ ሲገናኙ ግን ግራጫ አልሆኑም፤ የወጣው ደብዛዛ የወይራ አረንጓዴ ነው። ወረቀቱን ሊቀድ ሲል ቀና ብሎ ወደ የካ ኮረብታዎች አየ። ከቱቦ ተጨምቆ የሚወጣ አረንጓዴ ሁሉ አልመስል ብሎት የኖረው የባሕር ዛፍ ቀለም እጁ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥቁር ይይዛል፤ የማይሟሟው ለአደይ አንገት፣ የሚሟሟው ለኮረብታው።

የቦሌ አየር ራሱም በሥራው እጁን ያስገባል። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በመስከረም ደመናው ገና ስላልተነሣ የተቀባ ሰማይ ቶሎ አይደርቅም፤ ጥቅምት ገብቶ አየሩ ሲደርቅና ፀሐዩ ሲከር ግን ብሩሹ ከወረቀቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሳይደርስ መጀመሪያ የተቀባው ደርቆ ጠንካራ ዳር ይሠራል። መፍትሔው ጥላ መፈለግ፣ ወረቀቱን ሁለቴ ማርጠብና ትንሽ መጠን መምረጥ ነው። የረር ላይ ያለው ሰማያዊ ሳይሰነጠቅ እንዲወርድ ብዙዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይጨርሱታል።

ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአውሮፕላን የመጣ ብዕርም ከቦርሳ ሲወጣ ቀለም ለቅልቆ ሊገኝ ይችላል። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ የውስጥ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመሳሰል ስለሚደረግ በብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ ቀለሙን ይገፋዋል። አዲስ አበባ ላይ የተሞላው ግን ከመነሻው በዚያው ከፍታ ስለሆነ ከቦሌ ሲነሣ እምብዛም አያስቸግርም።

ኅዳር ሲያልቅ ሜዳው ሌላ ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከእንግጫ ጋር ታስራ የተገዛችው የአደይ እቅፍ በመስኮቱ ላይ በጠርሙስ ውስጥ እንዳለች ደርቃለች፤ ቢጫዋ ሸሽቶ እምብርቷ ጠቁሯል። ከከተማው ምሥራቅ ወጣ ሲባል ጤፉ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ገለባው በማለዳ ብርሃን ወደ ዝገት ያደላል። ሠዓሊው ሣጥኑን ሲፈትሽ ቢጫው ተጨምቆ አልቋል። መጽሐፉ አስቀድሞ ያስገዛው የበርንት ሲየና ቱቦ ክዳን ከሦስት ወር በኋላ በጥርስ ተይዞ ተከፈተ።