በጉንችሬ ስለሚጠላ የፊልም ዓይነት

ፊልም ስለሚወደድበት ምክንያት ብዙ ተብሏል፤ ስለሚጠላበት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሰው አንድን ፊልም አላይም ሲል፥ በተለይም እንቢ ባዩ የገጠር ሰው ወይም ሽማግሌ ሲሆን፥ የተማረው ክፍል ፈጥኖ የሚሰጠው ፍርድ «አልገባውም» የሚል ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህንኑ እናምን ነበር። ለመስቀል በዓል ወደ ጉንችሬ በወረድን ጊዜ ያየነው ነገር ግን ይህን እምነታችንን ስላናጋው ለመጽሔቱ አንባቢዎች ልናቀርበው ወደድን።

ለዚያ ፍርድ እንደ ማስረጃ ዘወትር የሚጠቀሰው የአዲስ አበባው «የሰይጣን ቤት» ነው። በከተማው መጀመሪያ ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱ የነበረውን፥ በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የተሠራውን ቤት ሕዝቡ በዚህ ስም ጠራው። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ያስቃል። ነገር ግን ያ እንቢታ በመሣሪያው ላይ እንጂ በፊልሙ ላይ አልነበረም፤ መሣሪያው ሲለመድ እንቢታውም ቀረ። ጉንችሬም መሣሪያውን ከለመደች ቆይታለች። ከእኛ በፊት ያደጉት ልጆች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበው የህንድና የካራቴ ፊልም አይተዋል፤ እኛ ደግሞ በቴሌቪዥንና በስልክ።

ሁለተኛው እንቢታ ከአባትና ከእናት ጋር ስለማይታየው ፊልም ነው። መሳሳም ሲመጣ አባት ይስላል፥ ልጅ ውሃ ልቅዳ ብላ ትነሣለች። ይህ የመተፋፈር ጉዳይ ስለ ሆነና ያንኑ ፊልም ሁሉም ለየብቻው ስለሚያየው፥ ብዙ የሚያስጽፍ አይመስለንም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከበዓሉ ምሽቶች በአንዱ፥ ክትፎው ተበልቶ ቡናው ቀርቦ ሳለ፥ ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎታችን ልጅ በፍላሽ የያዘውን አንድ አስቂኝ የአማርኛ ፊልም ከፈተ። ጥቂት እንደ ቆየ ባለሱቁ ብቅ አለ። ባለሱቁ ጉራጌ ነው፤ ይህን የነገረን የለም፥ አፉን ሲከፍት ዐወቅነው። አማርኛውን ያጣምማል፥ ሳንቲም ይቆጥራል፥ ዱቤ ሲጠየቅ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ ሣቁ። እውነቱን ለመጻፍ እኛም ሥቀናል፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድመን። ጋሼ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ግን «ከብቶቹን ልይ» ብለው ወጡ፤ ፊልሙ እስኪያልቅም አልተመለሱም።

በማግሥቱ እንሰቱ መካከል አግኝተናቸው ምን እንዳስከፋቸው ጠየቅናቸው።

«ምንም አልከፋኝ፤» አሉ። «አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። ያን ሰውዬ ግን አንድ ቀን አላገኘሁትም። ለመሆኑ ልጅ አለው?»

ፊልሙ አልተናገረም አልናቸው።

«ሚስትስ?»

እርስዋንም አላየናትም።

«እንግዲያ የማን ሰው ነው?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ይህ አነጋገር ለእኛ የተማርነውን ያህል ሂስ ሆኖ ተሰማን። ከዚያ በኋላ በገበያና በጎረቤት ያነጋገርናቸው ሰዎችም፥ ቃሉ ቢለያይም፥ የነገሩን ከዚህ የራቀ አይደለም። ቆጮ የምትሸጥ አንዲት ሴት «ልጄ ከተማ ሄዶ አማርኛ ሲናገር እንዳይሣቅበት ዝም ይላል» አለችን።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ቀልድ በዘዬ ይኖራል፥ የጎጃምና የወሎ አነጋገርም ያስቃል፥ ራሳቸው ጉራጌ የሆኑ ቀልደኞችም በዚሁ እንጀራቸውን ይበላሉ ይባላል። እውነት ነው። ዘዬ አይነካ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዘዬ የሚፈርድ ዳኛ፥ የሚያፈቅር ጎልማሳ፥ ልጁ ሞቶበት የሚያለቅስ አባት እኛ ባየናቸው ፊልሞች አልገጠመንም። ዘዬው የሚሰማው መልስ ሲቆጠር ብቻ ከሆነ፥ የተሣቀው በአነጋገሩ ሳይሆን በሰውየው ላይ ነው።

ምክንያቱን ስንመረምር በክፋት ብቻ የመጣ አይመስለንም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረዥም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ፥ የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው የአዲስ አበባ ፊልም ሆኖ ቆይቷል። አዲስ አበባን ያለ ጉራጌ ነጋዴ ማሳየት ደግሞ መርካቶን ያለ ሱቅ እንደ ማሳየት ነው። ስለዚህ የፊልሙ ሰዎች ከሱቁ ይገዛሉ፤ ከሱቁ ኋላ ያለውን ጓዳ ግን ካሜራው አይገባበትም።

የተሣለው ሰው ሥዕሌ አይደለም ለማለት መብት አለው ወይ? በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፥ በዚያው ዓመት ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከከሳሾቹ መካከል ታሪኳ የተነገረው፥ በጠለፋ የተበደለችው ሴት ነበረችበት። እገዳው በኋላ ተነሥቷል። ፊልሙ ለሴቶች የቆመ በጎ ሥራ መሆኑን አንክድም፤ ቢሆንም ያለ እኔ ፈቃድ አትናገሩልኝ ያለ ሰው ነበር። ጋሼ ፍርድ ቤት የላቸውም። ያላቸው ከብቶቹን ልይ ብሎ መውጣት ነው። በመቀመጫ የተሞላ ሲኒማ ቤት ባለቤቱ ቢጠይቅ፥ ጋሼ ከማይመጡት መካከል መቆጠራቸውን እንኳ የሚያውቅላቸው የለም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፥ ከአገራችን የፊልም ባለሙያዎች ብዙዎቹ ተመልካች ይወስድብናል ብለው መቃወማቸው ይታወሳል። ሥጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን በእነዚያ ድራማዎች የቱርኩ ነጋዴ ጥርት ያለ አማርኛ ይናገራል፤ ሚስትም፥ ጠላትም፥ የሚያለቅስላት እናትም አለው። ጉራጌው በገዛ አገሩ ፊልም ይህን ሁሉ አላገኘም።

ከጉንችሬ ልንመለስ በነበረበት ዋዜማ ምሽት ከእነዚያ ድራማዎች አንዱ ተከፍቶ ነበር። ጋሼ ከውጭ ገብተው በርጩማቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳቡና፥ ድምፁን ከፍ እንድናደርገው ካዘዙን በኋላ፥ «ታናሽ ወንድሙ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁን።